ኑሃ አለ

እውነት ነው። ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔ ግን እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አሶሳ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደምታቃጥል የኖረባት ያውቃል።

በለጡ እባላለሁ። ቤቱ የጎረቤቴ የኢቲዳል ነው። የሚለየን የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው።

ኢቲዳል ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የቀረቻት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ኑሃ። መምህርነት ትማር ነበር። መስከረም ላይ ወባ ያዛት... ሳምንት እንኳ አልቆየች፣ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ኢቲዳል ሰው አልሆነችም። ነጋ ጠባ ዓይኗ የኑሃ ክፍል በር ላይ ነው።

"በለጡ... ይሄ ቤት እኔን በላ" ትለኛለች።

ባምባሲ ያለችው እህቷ ዘንድ ልትገባ ቆረጠች። ቤቱን አንድ መድኃኒት ነጋዴ ሊከራየው ፈልጓል፤ ነገር ግን መኖሪያ ቤት ፋርማሲ እንዲሆን የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አመለከተች። ፈቃዱ ካልተሰጣት እዚያው ቤት ውስጥ ከስታ ማለቋ ነው፤ እኔ ይህን በዓይኔ አያለሁ።

አማርኛዋንም ላስረዳችሁ። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ላይ ሴትና ወንድ ብሎ ነገር አታውቅም። ላሟም "መጣ" ናት፣ እኔም "በለጡ መጣ" ነኝ! ኑሃ ይህን በሰማች ቁጥር ከክፍሏ ሆና በሳቅ ትሞታለች።

"ዩማ! 'መጣች' ነው የሚባለው!"

እናቷን ዩማ ነበር የምትላት። በአጥሩ በኩል እየሰማሁ እኔም ብቻዬን እስቅ ነበር። አይ ኑሃ...

ያን ዓርብ ከማዘጋጃ ቤት ቤቱን የሚለካው ባለሙያ መጣ። ለገሰ ይባላል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ አጥር የምጋራ ጎረቤት ስለሆንኩ አልቃወምም ብዬ ልፈርም ተጠርቻለሁ።

ሳሎኑን አየ። ቀጥሎ የኑሃን ክፍል ከፈተ።

መስኮቱ ተዘግቶ ስለከረመ ውስጡ ጨለማ ነው። ኢቲዳል ደፍራ አልገባችም። እኔም አልገባሁም።

ለገሰ ያንን ረጅሙን የጨርቅ ሜትር አወጣና ጫፉን ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ ክፍሉ እንዳደረገ፣ ሜትሩን እየለቀቀ፣ የኋሊት ወደ ሳሎን ወጣ።

"እናቴ፣ ጫፉን ያዝ ያድርጉልኝ" አለ ሳይዞር፣ ተከትላው ጨለማው ውስጥ የገባች መስሎት።

ሜትሩ ተወጠረ።

"እሰይ... እንደሱ ነው።"

ኢቲዳል ከኋላው ነበረች። እኔም ከኋላው ነበርኩ።

"ልጄ..." አልኩት በሹክሹክታ። "ማነው የያዘልህ?"

ዞረ። ሁለታችንንም አየን። ከዚያ እጁን አየ።

ሜትሩ አሁንም እንደተወጠረ ነው።

"ሌላ ሰው... አለ እንዴ እዚህ ቤት?"

"ኑሃ አለ" አለች ኢቲዳል።

"ኑሃ ማነው? ወንድ ልጅዎ?"

"ልጄ ነው። ሴት ነው።"

"እና የት ናት?"

"ሞተ።"

ለገሰ በረጅሙ ተነፈሰ። ሜትሩ ምስማር ላይ ተይዞ ይሆናል ብሎ ራሱን ያጽናና መሰለኝ።

"ነፍሷን ይማር እናቴ። እንግዲያው 'ነበረች' ነው የሚባለው... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ከእርስዎ ሌላ የሚኖርበት ሰው ካለ ፈቃዱ አይሰጥም። ነዋሪ የለም ልበል?"

ኢቲዳል 'ነበረች' የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ካወጣሁት ልጄን ሁለተኛ የምቀብራት መስሎኝ ነበር አለች። ግን መውጣት አለባት፤ ባምባሲ እህቷ እየጠበቀቻት ነው።

"ኑሃ..." አለች። "ኑሃ... ነበረች።"

አስተካክላ ተናገረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ! እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ፣ ከጨለማው ክፍል፣ በቀስታ፣ ሳቋን እንደምታፍን ልጅ...

"ዩማ... 'አለች' ነው የሚባለው።"

ማርያምን! ሦስታችንም ሰማን።

ለገሰ ሜትሩን ጥሎ ሮጠ። ምን ልዋሽ፣ እኔም ሮጥኩ። ከአጥሩ በር ዞሬ ሳይ ኢቲዳል ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም።

ፈቃዱ በዚያው ቀረ። ለገሰ ማመልከቻው ላይ "ነዋሪ አለች" ብሎ ነው የጻፈበት አሉ። ሜትሩንም ሊወስድ አልተመለሰም። መድኃኒት ነጋዴው ሌላ ቤት አገኘ። እህቷ ከባምባሲ መጥታ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት፤ ኢቲዳል እንቢ አለች። ሰውነቷ አልቋል፣ አጥንቷ ይቆጠራል። ምን ላድርጋት? ልቤ ይደማል እንጂ ምንም አላደርግላትም።

ትናንት ምሳ ይዤላት ገባሁ።

ሳሎኑ መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የሜትሩን አንድ ጫፍ ጣቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ሌላኛው ጫፍ በኑሃ ክፍል በር ሥር ገብቷል። በሩ ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው አልጠየቅኳትም።

"ኢቲዳል... እህቴ... ተይው በቃ" አልኳት።

"ዝም በል፣ በለጡ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አለ።"

ሜትሩ ቀስ ብሎ... ወደ ውስጥ ተሳበ።