ከአቶ ይርጋ ወንበር በላይ

መስከረም ፳፻፲፮ ዓ.ም. ነበር፤ የጌዴኦ ምድር በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ከተሰማ ሳምንት አልሞላውም፤ ዲላም ደስታዋን ገና አልጨረሰችም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ግን ወይዘሮ ዘነቡ ከሁለት ቀለም አንዱን መምረጥ አቅቷቸው ነበር።

ልጃቸውን ሔርሜላን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉና ሳሎኑ መታደስ ነበረበት። ከወናጎ የመጣው ቀለም ቀቢ መልከጼዴቅ፣ ከሟቹ ባለቤታቸው ከአቶ ይርጋ ወንበር በላይ ሁለት ናሙና ጎን ለጎን ቀባ፤ በስተግራ ክሬም የውሃ ቀለም፤ በስተቀኝ እንደ እንሰት ቅጠል የጠቆረ አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ሔርሜላ አረንጓዴውን ወደደች፤ አገሩ በዛፉ በተመሰገነበት ወር ሌላ ምን ይቀባል ብላ ተከራከረች።

አቶ ይርጋ ራሰ በራ ነበሩ፤ አናታቸውን ቫዝሊን ሳይቀቡ ከቤት አይወጡም፤ ሚስታቸውም መብራት ሲጠፋ አንተ ትበቃናለህ እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ምድሪቱን በቅርስነት ለማስመዝገብ የሚመጡ አጥኚዎችን በቡሌ ዳገት በእግር ሲመሩ ይውሉና፣ አመሻሽ ላይ ከዚያ ወንበር ተቀምጠው ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዩትን ሁሉ ያወጋሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ የአናታቸውም ወዝ ከግድግዳው ላይ ሰሃን የሚያህል ምልክት ትቶ ቀረ። ምዝገባውን ሳያዩ ባለፈው ዓመት ዐረፉ።

በማግሥቱ ናሙናዎቹ ሲደርቁ አረንጓዴው ጥርት ብሎ ነበር፤ በክሬሙ በኩል ግን ያ ወዝ ቢጫ ሆኖ ብቅ ብሏል። መልከጼዴቅ በሥራው አፈረ።

«እማማ፣ ይሄ ቅባት እኮ ነው፤ ክሬሙን አሥሬ ብደርበውም ይወጣል። አረንጓዴው ግን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ሁለተኛ አያዩትም» አላቸው።

ሁለተኛ አያዩትም የሚለው ቃል ልባቸውን ወጋው። ባላቸው በጣም ናፈቋቸው፤ እጃቸውን ቢጫው ላይ አሳረፉ።

«ክሬሙን ቅባልኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ይወጣል እያልኩዎት?»

«ይውጣ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳሎኑ ብርሃን ሆነ ብለው አመሰገኑ፤ ሔርሜላም እናቷ ክሬሙን ለእንግዶቹ ሲሉ የመረጡ መስሏት ኩርፊያዋን ተወች። ምድሪቱ በዓለም መዝገብ ሰፍራለች፤ አጥኚዎቹን ዳገት ለዳገት የመሩት የአቶ ይርጋ ስም ግን በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። በኅዳር ወር ከወንበሩ በላይ ሰሃን የሚያህል ቢጫ ብቅ አለ። ወይዘሮ ዘነቡ ዛሬም ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ያነሣሉ።