ፓምፑ ገደለው አሉ

አንዳርጌ በገዛ ገንዳው ዳር በጀርባው ተዘርግቷል። ከዋና ቁምጣ በቀር የለበሰው የለም። ኢንስፔክተር ይታይሽ ፊቱ ላይ የተጣለውን ፎጣ ገለጥ አድርጋ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለውን ቁስል አየችና መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ሬሳውን ትታ ውኃውን ታይ ጀመር። የረጋ ይመስላል እንጂ አልረጋም፤ አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀስ እያለች ትዞርበታለች።

«ይሄ ነገር እየሠራ ነው?» አለች።

«መቼ ያርፍና» አለ ዘበኛው አለሙ። «ሰው በልቶም አልጠገበ።»

አንዳርጌ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የዋና ገንዳ ሲያስቆፍር ያልሳቀበት አልነበረም፤ የበግ ማጠቢያ ነው ያሉትም ነበሩ። እሱ ግን ደረቅ ሰው ነው፤ ቆፈረ፣ ሞላ፣ ለሆቴሉም እንግዳ መጣለት። ችግሩ አሮጌው ፓምፕ ነበር። መብራት ሲኖር መብራቱን ይግጣል፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል፤ ጩኸቱም ሰፈር አያስተኛም። በመጨረሻ ሰብለ የምትባል ባለሙያ ከደብረ ታቦር አስመጥቶ፣ ራሱን የሚያዝ አዲስ ፓምፕ አስተከለ። ይህኛው ውኃው ሲቆሽሽ ይፈጥናል፣ ሲጠራ ይዘገያል፤ መብራት ቢጠፋ ጣራው ላይ በተሰቀለው የፀሐይ ሰሌዳ ይሠራል።

ዛሬ ከተማው በሙሉ «ፓምፑ ስቦ ገደለው» ይላል። ሰብለን ወደ ደብረ ታቦር ከሚሄደው አውቶቡስ ላይ ጎትተው አወረዷት፤ በር ላይ በቆመው የፖሊስ ጣቢያው መኪና ውስጥ አስቀምጠዋታል። ይታይሽ ሌላ ነገር ካላገኘች፣ ልጅቷ በሰው ነፍስ ተጠይቃ ወህኒ መውረዷ ነው።

ሬሳውን ያገኘው አስቻለው ነበር። ቀድሞ የሞተው የአንዳርጌ ወንድም ልጅ ነው፤ የአንዳርጌ ሚስት ዘርፌ ማኅፀኗ አልሰጥ ቢላት ገና ጡት እንደ ተወ ወስዳ አሳደገችው። አሁን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ጸጉሩን ተቀብቷል፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሏል።

«ከንግሥ ተመለሰ» አለ አስቻለው። «ሞቆኛል፣ ትንሽ ልዋኝ አለኝ። ቆይቼ ስመጣ ያ አፍ» ብሎ ግንቡ ላይ ውኃ የሚስበውን ወንፊት አሳየ፤ «ጀርባውን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ማሽኑ ያገሳል። እንደ ምንም አላቀቅሁትና አለሙን ጠራሁ።»

«ቁስሉስ?»

«ሲስበው ከግንቡ ተጋጭቶ ይሆናላ። እኔ ሐኪም አይደለሁ።»

«አለሙ፣ አፉ ላይ ተጣብቆ አይተኸዋል?»

«እኔማ የሰብለን ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ጭኜ መመለሴ ነበር። ስደርስ ተንሳፍፏል። ሌላውን እሱ ነው የነገረኝ።»

የሟች ልብስ ወንበር ላይ በሥርዓት ተጣጥፏል። ይታይሽ ነጭ ጋቢውን አንስታ አሸተተች። ከአንገቱ በኩል ናፍጣ ነክቶታል።

ሰብለን ከመኪናው አስወርዳ ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ለምን ሸሸሽ?»

«ሥራዬን ጨርሼ ቤቴ መሄድ መሸሽ ነው? ቲኬቱን የቆረጡልኝ ራሳቸው ጋሼ አንዳርጌ ናቸው።»

«ማሽንሽ ሰው ይይዛል?»

«አሮጌው ይይዝ ነበር። ይሄ አፉ ከተዘጋ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በስልክ ቢያዙት እንኳ አይነሳም፤ ሰው ማሽን ክፍሉ ገብቶ በእጁ ማስነሳት አለበት።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ሰብለ ኪሷን ዳብሳ አወጣችው። «ላስረክብ ብዬ ረሳሁት። ሌላ የለም፤ ጓጉንቸሩን የቀየርኩት እኔው ነኝ።»

«ይሄ ፓምፕ ናፍጣ ይጠጣል?»

«ጠብታም። ትናንት ጋሼ አንዳርጌም ይህንኑ ጠየቁኝ። ‹ታዲያ የናፍጣ በርሜሉን የሚያጎድለው ማን ነው?› አሉ።»

ዘርፌ ጓዳዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቱ ደረቱን ሲደቃ እሷ አልደቃችም። ጫማዋን አላወለቀችም፣ ነጠላዋን ከአፏ አላነሳችም። አንዲት ሴት በጣሳ ውኃ ይዛ ፊቷን ልታብስላት ብትል በክንዷ ገፋቻት። ይታይሽ ሴቶቹን አስወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ዛሬ ቆርበዋል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የቆረበ ሰው በዕለቱ ውኃ አይነካም።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብቻዎን ነው የቆረቡ?»

«ተይኝ ልጄ። ባሌን ያለ ፍትሐት ልታስቀብሪው ነው?»

«እርስዎ ዝም ካሉ ያቺ ልጅ ባልሠራችው ልትታሰር ነው።»

ዘርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ አጠበቀች። ይታይሽም አላስጨነቀቻት፤ ክንዷን ደግፋ ወደ ገንዳው ይዛት ወጣች። ሌሎቹንም እዚያው ጠራቻቸው።

«አለሙ፣ ያንን የላስቲክ ምንጣፍ አምጣና አፉ ላይ ለጥፈው።»

«እጄን ቢበላኝስ?»

«እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

አለሙ በስመ አብ ብሎ ለጠፈው። ያን ጊዜ፣ እስካሁን መኖሩን ልብ ያላሉት የፓምፑ ስስ እዝዝታ ቀጥ አለ። ቅጠሏም ቆመች። ምንጣፉ ተነሣ፤ ፓምፑ ግን አልተነሣም። ሰብለ በስልኳ ብትሞክር እምቢ አላት።

«አያችሁ» አለች ይታይሽ። «አንዳርጌን ይዞት ቢሆን እንዲህ ይቆም ነበር። ሰው መልሶ አስነሣው እንዳይባል ቁልፉ ከሰብለ ጋር አውቶቡስ ላይ ነበር። እኔ ስመጣ ግን ይሠራል። ስለዚህ ማንንም አልያዘም። ‹ያገሳል› ያልከኝም፣ አስቻለው፣ የአሮጌውን ጠባይ ነው። ይህኛው እስካሁን ሲሠራ ነበር፤ የሰማው አለ?»

«ደንግጬ ይሆናል» አለ አስቻለው።

«ይሁን። ጋቢውስ? ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ በቀጥታ የሚዋኝ ሰው ናፍጣ ከየት ይነካዋል? ናፍጣ ያለው መጋዘን ነው፤ ቁልፉ ወገብህ ላይ ነው። አዲሱ ፓምፕ ናፍጣ አይጠጣም፣ በርሜሉ ግን እንደ ድሮው ይጎድላል። አሮጌው እያለ እየሰረቅክ ፓምፑ ጠጣው ትል ነበር፤ አሁን የምታሳብብበት አጣህ። አንዳርጌ ዛሬ መጋዘን ገብቶ ጠየቀህ። አንተ ከኋላው መታኸው፣ ልብሱን ገፍፈህ ቁምጣ አለበስከው፣ ውኃ ውስጥ ጣልከው።»

«ሙቀት ተሰምቶት ገባ አልኩሽ እኮ!»

ይታይሽ ወደ ዘርፌ ዞረች። «እትዬ ዘርፌ፣ እዚህ ላይ የእርስዎ ቃል ነው የቀረው። ባለቤትዎ ዛሬ ልዋኝ ይላል?»

ዘርፌ መጀመሪያ ሰብለን አየች፤ ልጅቷ የማሽኑን ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች። ከዚያ አስቻለውን አየች።

«አብረን ቆረብን» አለች። «በስተርጅና ሰው አይሳቅብን ብለን ለማንም ሳንናገር፣ ንግሥ ነው ብለን ገጠር ወርደን ቆረብን። አንዳርጌ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ውኃ ሊገባ? እግሩን እንኳ አልታጠበም።»

«ይህንን ሬሳው እንደ ተገኘ ለማን ነገሩ?»

«ለዚህ። ለልጄ።»

«ምን አለዎት?»

«‹እማዬ፣ ቆርቦ ዋኘ ከተባለ ቁርባኑን አረከሰ ብለው ፍትሐት ይከለክሉታል፤ አፍሽን ዝጊ› አለኝ። ለነፍሱ ያሰበለት መስሎኝ እጁን ሳምኩት። አሮጊት ሆኜ የልጅ እጅ ሳምኩ።»

«ስትነግሪው ነው ጥፋቱን ያወቀው» አለች ይታይሽ፣ አንቱታውንም ረስታ። «የቆረበን ሰው ዋናተኛ አድርጎ አስተኝቶታል። ያንን የምታውቅ አንዲት አፍ ነበረች፤ በባሏ ፍትሐት አስፈራርቶ ዘጋት።»

አስቻለው ወደ ዘርፌ ተጠጋና ነጠላዋን ጫፉን ያዘ። «እማዬ፣ ሳላስበው ነው። ሊያባርረኝ ነበር እኮ። አንቺ ብቻ ማሪኝ።»

«ስትመታው ሳታስበው ይሆናል» አለች ዘርፌ። «እኔን ዝም ስታሰኝ ግን አስበህ ነው።»

ነጠላዋን ከእጁ ላይ ቀስ ብላ ነጠቀች።

ፖሊሶቹ ሰብለን ትተው እሱን ወደ መኪናው ወሰዱት። አለሙ የልጅቷን ሻንጣ ከመኪናው አውርዶ አጠገቧ አኖረላት፤ አቧራውንም በእጁ ያራግፍ ጀመር። ይታይሽ ቃል ለመቀበል ስትዘጋጅ ዘርፌ ክንዷን ያዘቻት።

«የማን ልጅ ነው ቢሉሽ የአንዳርጌ ወንድም ልጅ ነው በዪ» አለቻት። «ማን አሳደገው ካሉሽ አላውቅም በዪ።»