በጀልባ ማቆሚያው ላይ የታየችው ነጥብ

ሆሊስ ብራንት የተገደለው ሐሙስ ቀን፣ እንደ ልማዱ ወንዝ ዳር ምሳውን እየበላ ሳለ ነው። የወንዙን በረዶ ሰርስረው ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ ከገዛ መኪናው አጠገብ፣ በፊቱ ተደፍቶ አገኙት። ማጅራቱን ተመትቷል። በከፊል የተበላ ሳንድዊች የመኪናው ወንበር ላይ ነበር፤ ከእጁ የማይለየው ቦርሳ ግን የለም።

ሆሊስ የዋረንዴል ካውንቲ የክትትል ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ፍርዳቸውን እስር ቤት ሳይሆን ቤታቸው ሆነው ለሚጠብቁ ሰዎች ቢሮው እግራቸው ላይ አምባር ያስራል። አምባሩ ያሉበትን ቦታ በነጥብ ወደ ስክሪን ይልካል፤ ያለ ፈቃድ ከቤት ከወጡ ወይም ማሰሪያው ከተፈታ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። የሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ቨርና ስቶክሊ፣ በዚያች ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየች የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ ሐሙስ ዕለት ለሥልጠና ከከተማ ወጥታ ነበር። ዓርብ ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ የቢሮው ኃላፊ ጎርደን ዊትሎክ አስጠራት። መርማሪ ፖሊሱ ዌንዴል ኩክ ከጎርደን ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ጎርደን ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። ነጥቧ የሌሙኤል ቴት ናት፤ በዝርፊያ ተከስሶ ችሎት የሚጠብቅ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት። ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ምልክቷ ጠፍቷል። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ብቅ አለች፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሌሙኤል ቤት ተመለሰች።

«ምልክቱን እንዲያፍን ፎይል ጠቅልሎበት ነው የወጣው» አለ ጎርደን። «ከገና ወዲህ ያንን አምባር ከኛ ሰው የነካው የለም። ሆሊስ ከመዘምራን ልምምድ ዘግይቶ ገባ ብሎ ሪፖርት ሲያደርግበት እዚሁ ቆሞ የደነፋበትን ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የጥሰት ሪፖርት ፈርሚና ዌንዴል የመያዣ ትእዛዝ ያውጣ።»

ቨርና ወረቀቱን አየችው። ከአምስት ሳምንት በፊትም እንዲሁ ፈርሚ ተብላ ነበር። ያኔ አምባር የታሰረለት አንድ ሰው የቀድሞ ሚስቱ ቤት ገብቶ ደብድቧት አንድ ዓይኗ ጠፋ። በቢሮው መዝገብ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አልተገኘም፤ ተረኛው ሆሊስ ስለነበር ነጥቡ ከቤት ሲወጣ ተኝቶ አላየም ተባለ። ሆሊስ አልተኛሁም ብሎ ቢምልም የተግሣጽ ደብዳቤው ላይ የፈረመችው እሷ ናት።

«አልፈርምም» አለች።

«ቨርና፣ ይሄ ልመና አይደለም።»

«አንተ የሰጠኸኝን አንዴ በጭፍን ፈርሜያለሁ። ይበቃኛል።»

ጎርደን ሰኞ ሥራ ላይኖርሽ ይችላል አላት። እሷም እስከ ሰኞ ድረስ ግን ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ ብላ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ኩክ አብሯት የተማረ ሰው ነው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ አለ።

ሌሙኤል የሚኖረው ከአክስቱ ጋር ነው። ቨርና ስትገባ ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ፣ ከአምባሩ እስከ ሶኬቱ ገመድ ተዘርግቶ፣ እንቁላል እየበላ ነበር። ፖሊስ ሌሊቱን ከበራፉ ሲመላለስ አድሯልና አልተኛም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከቤት እንዳልወጣ ነገራት፤ አክስቱ ብቻ እንጂ ሌላ ምስክር አልነበረውም። ቨርና ዓይኗ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። አምባሩ ከዓመት በላይ የታሰረ ነው፤ የማሰሪያው ጎማ ግን ጥቁርና የሚያብለጨልጭ፣ አንዲት ጭረት የሌለው።

«ቻርጅ ላይ ከተቀመጥክ ስንት ሰዓት ሆነህ?»

«ሰዓት አልፎኛል ወይዘሮ ስቶክሊ። በየጠዋቱ ለሁለት ሰዓት ያህል ካልሰካሁት እኮ ትቆጡኛላችሁ።»

ስልኳን አውጥታ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ተረኛ ጠየቀች። የሌሙኤል ባትሪ ሃያ ሁለት በመቶ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እየወረደ ነው፤ ቻርጅ አልተደረገም አለቻት። ቨርና ንዝረት ላኪበት አለች። ሁለቱም የሌሙኤልን እግር አተኩረው አዩ። እግሩ ላይ ያለው ዝም አለ። ከደጅ ግን፣ ከበረንዳው የእንጨት ደረጃ ሥር፣ የሆነ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማ።

ቨርና ጎንበስ አለችና በረዶው ውስጥ አየችው፤ እጇን አላሳረፈችበትም። ኩክን ጠርታ በጓንት እንዲያነሳው አደረገች። አሮጌ አምባር ነበር፤ ማሰሪያው የነተበ። ሌሙኤል ያኔ ነው፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከርቲስ መጥቶ አምባሩን እንደቀየረለት የተናገረው። የጠየቀኝ የለም፤ የምታውቁት መስሎኝ ነው አለ።

ከርቲስ ዮደር የቢሮው የመሣሪያ ሠራተኛ ነው። ቨርና ከመኪናዋ ደወለችለት። ማሰሪያው ሳይጎዳ ቀይር መባሉ ገርሞት እንደነበር፣ አሮጌውን ምልክት በማያስወጣው የብረት ሳጥን ከቶ እንዳመጣው አልደበቀም። ለማን እንዳስረከበው ስትጠይቀው ግን ድምፁ ወረደ። ቀጥላ አምባሮቹን ለካውንቲው ወደሚያከራየው ድርጅት ደወለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ጎርደን ቢሮ ተሰበሰቡ። ቨርና ለሌሙኤል የመውጫ ፈቃድ ራሷ ጽፋለት ነበር። ጎርደን ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ተነሳ።

«እግርህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ» አለችው ሌሙኤልን።

ሌሙኤል ጫማውን አየ፤ ጎርደንን አየ። ከዚያም በተወለወለው ጠረጴዛ ላይ እግሩን አሳረፈ። ቨርና የአምባሩን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ነው። የስክሪኑን ቁጥር የያዘው አምባር ኩክ እጅ ላይ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው።

«ስለዚህ ጀልባ ማቆሚያው የሄደው አምባሩ እንጂ ሌሙኤል አይደለም» አለች። «ወንዝ ዳር የወሰደው፣ መልሶም በረንዳው ሥር የጣለው ከሐሙስ ረፋድ ጀምሮ የያዘው ሰው ነው። ከርቲስ፣ ለማን ሰጠኸው?»

ከርቲስ አንገቱን ደፋ። «ከሰኞ ጀምሮ የሚቀየር ዕቃ ሁሉ፣ አዲሱን አምባር የሚያስመዘግበው ቅጽም ጭምር፣ ለጎርደን ይሰጥ ተብለናል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።»

«ይዋሻል» አለ ጎርደን። «ራሱ ነው የያዘው።»

«በምሳ ሰዓት ከርቲስ እስር ቤት ነበር፤ በጠባቂዎች ፊት ለሦስት ሰው አምባር ሲያስር» አለች ቨርና። ቀጥላ ማሰሪያ ሲፈታ ማስጠንቀቂያ እንደሚጮህ፣ እሱን በይለፍ ቃል መዝጋት የሚችሉት እሷና ጎርደን ብቻ እንደሆኑ፣ እሷ ደግሞ ሐሙስ እንዳልነበረች አስረዳች። በቢሮው መዝገብ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ተሰርዟል። ሆኖም አከራዩ ድርጅት የሁሉንም ቅጂ ያስቀራል።

ወረቀቱን ኩክ ፊት አኖረችው። «አራት ሰዓት ከአሥራ አራት፤ ማሰሪያ ተፈታ፤ በጎርደን ዊትሎክ ተዘጋ። ከገና ወዲህ የነካው የለም ብለኸን ነበር።»



ቨርና ሁለተኛውን ወረቀት አወጣች። ሴትዮዋ በተደበደበችበት ቀን ማስጠንቀቂያው ጮኾ ነበር። ሆሊስ ለምሳ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ የተተካው ጎርደን በአንድ ደቂቃ ውስጥ «የመሣሪያ ስህተት» ብሎ ዘጋው፤ ኋላም መዝገቡን ሰርዞ በሆሊስ ላይ አላከከ። ሆሊስ ያንን ቅጂ ከድርጅቱ ያገኘው ባለፈው ዓርብ ነው። ለድርጅቱ ሰዎች እንዳጫወታቸው፣ ለፍርድ ቤት አሳልፌ እሰጣለሁ ብሎ ለጎርደን ራሱ ነገረው፤ ሰኞ ዕለት ስለ አምባር ቅያሪ አዲሱ ደንብ ወጣ። ከመኪናው የጠፋው ቦርሳ ውስጥ የነበረው ይኸው ወረቀት መሆን አለበት።

ኩክ ካቴናውን ሲያወጣ ጎርደን ወደ ቨርና ዞረ። «ካውንቲው ይህን ቢሮ ይዘጋዋል። አምባር ያለው መቶ አርባ ሰው በሙሉ እስር ቤት ይገባል። ያንቺ ሥራ ነው።»

«ይሞክሩና ያዩኛል» አለች።

በዚያው ዕለት የካውንቲው ጠበቃ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ጉዳዩ ለማንም እንዳትናገር በጽሑፍ አዘዛት። ወረቀቱን ተቀብላ በቀጥታ የሄደችው ወደ ሆሊስ እናት ወደ ዊልማ ብራንት ቤት ነው። ልጅሽ ተኝቶ ሴት አስደበደበ እየተባለች አምስት ሳምንት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንገቷን ደፍታ ያለፈች ሴት ናት።

ቨርና ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማም የእኔ ነው አለቻት።

ዊልማ ቀና አለች። «ልጄ አልተኛም ብዬሽ ነበር።»

«አዎ፣ ብለውኛል።»

«እንግዲያው ለኔ ብቻ አይደለም የምትነግሪው። ስሙን ያነሱት ሁሉ ባሉበት ነው።»

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዝማሬው እንዳበቃ ቨርና ስቶክሊ ከመጨረሻው ወንበር ተነሳች። የካውንቲው ጠበቃ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዞሮ በእጁ ተቀመጪ አላት። አልተቀመጠችም።