ከፈለኝ ያዋሰን ሳፋ

"ጋሼ፣ ዶሮ ታረባላችሁ?" ሲለኝ መግዛት የፈለገ መሰለኝ።

"የኔዎቹ አልቀዋል። ለበዓል ከሆነ ጎረቤቴ ከፈለኝ ጋ ሂድ" አልኩት።

የላብራቶሪ ባለሙያው ሕዝቅያስ አልሳቀም...

ከፈለጋችሁ አትመኑኝ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር። ሚዛን ተፈሪ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናቡ የክሊኒኩን ቆርቆሮ እየደበደበ።

ባለቤቴን ካሰችን ቡና ስር ስትመነጥር ገጀራ እግሯን ቆርጧታል። መርፌው፣ ኪኒኑ... ቁስሉ ይሰፋል እንጂ አይደርቅም። እንዲህ ከቀጠለ እግሯ ይቆረጣል ተብለናል።

"የቁስሏ ጀርም መድኃኒቱን ይቋቋማል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መቋቋሚያውን ከሌላ ጀርም ሳይቀበል አልቀረም።"

"ከዘመዱ?"

"ዝምድና አያስፈልጋቸውም። አንድ ቦታ ከተገናኙ... አንዱ ለሌላው ያቀብላል።"

"ዶሮውስ?"

"በርግጠኝነት አላውቅም። ግን መድኃኒት የሚጠጡ ዶሮዎች ባሉበት ይበዛል።"

ያኔ ሳፋው ትዝ አለኝ።

ካሰች ከተኛች ጀምሮ ከፈለኝ በየማለዳው እንቁላል ይዞ ይመጣል። "እህቴን ያድንልኝ" ይላል። ቁስሏን የምናጥብበትን ሳፋም ያዋሰን እሱ ነው።

ጠርዙ ቢጫ ነበር። ብንፈገፍገው አይለቅም።

"ዝገት ነው" አለን።

ፕላስቲክ ይዝጋል? እኔም ጅሉ አልጠየቅኩም።

ደግሞ... ባለፈው ክረምት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሲያስነጥስ፣ የሱዎቹ ብቻ ደህና ነበሩ።

በዝናቡ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ዶሮዎቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል። አንዷም ድምፅ አታሰማም።

መሃላቸው ያዋሰን ሳፋ መንትያ ተቀምጧል። ውሃው ቢጫ።

ከፈለኝ ቁጢጥ ብሎ ካፕሱል እየከፈተ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። "ጉሮሮዬን አመመኝ" እያለ ከካሰች መድኃኒት ላይ ሲለምን የከረመው፣ ያው ቀይና ቢጫው ካፕሱል።

"ከፈለኝ።"

ሌላ ካፕሱል ከፈተ።

"የኛንም ሳፋ... ከዚህ ነው ያነሳኸው?"

ዶሮዎቹ ሁሉ ባንዴ ቀና ብለው አዩኝ።

"እግሯን ልታጣ ነው" አልኩት በሹክሹክታ።

ውሃውን በጣቱ ማማሰል ጀመረ። ጣቱ ላይ የታሰረው ጨርቅ ተንሸራተተ...

ከስሩ ያለው ቁስል የካሰችን ቁስል ይመስላል። ቢጫ ጠርዙ ሳይቀር።

ጨርቁን ቀስ ብሎ መለሰው።

"አጥቤ ነው እኮ የሰጠኋችሁ" አለኝ።