አክስት ናይሪ ያልሰሟት ወፍ

በሸለቆአችን ከአክስት ናይሪ ጆሮ የሚበልጥ ጆሮ አልነበረም። እኛ ወፍ ቆጣሪዎች ነን። ጸደይ በመጣ ቁጥር ጫካው ውስጥ ቆመን በድምፃቸው እንመዘግባቸዋለን፤ እንቁላላቸውን የሚበሉትን አይጦችም በወጥመድ እንይዛለን። ከሁሉም ወፎች አክስት ናይሪ የሚሳሱት ቲቲፖውናሙ ለምትባለው አረንጓዴ ወፍ ነው። አውራ ጣት ታህላለች፤ ድምፅዋ እጅግ ቀጭን ነው።

ታዲያ እኚህ ሴት ሁለት ጸደይ ተከታትለው «የለችም፤ ጠፍታለች» አሉ። እሳቸው ካሉ ማን ይከራከራል? ወጥመዶቹ ተነቅለው ወደ ሌላ ሸለቆ ይሂዱ ተባለና ለመወሰን ተሰበሰብን። ወጥመዱ ከተነሳ ወፊቱ ብትኖር እንኳ አንድ እንቁላል አይተርፍላትም።

የእህታቸው ልጅ ራዊሪ እጁን አነሳ። «አክስቴ፣ አዲሱን የድምፅ መቅጃ ጫካ ውስጥ ትቼው ነበር። ወፊቱን ቀድቷታል።»

«የቀዳው የራሱን ጩኸት ነው! ያንተ ዕቃ ወፍ ከየት ያውቃል? እኔ ይህቺን ወፍ ስሰማ አንተ አፍንጫህን እንኳ መጥረግ አትችልም ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ክርክሩን ለመጨረስ በወጣትነታቸው ከዚያው ጫካ የቀዱትን ካሴት ከቦርሳቸው አውጥተው ማጫወቻው ውስጥ ከተቱት። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«አይ፣ ካሴቱም አርጅቷል» አሉ አዝነው። እኛም ሽማግሌዎቹ ምንም ስላልሰማን ራሳችንን ነቀነቅን።

ራዊሪ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «አክስቴ፣ አይቀየሙኝና... ካሴቱ ላይ አለች። ደከም ብላለች እንጂ እየጮኸች ነው።»

ከኋላ የተቀመጠችው፣ ከእኛው ጋር ወፍ የምትቆጥረው ነርስ ኤሬና «እኔም እሰማታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ጫካውም ውስጥ ሰምቻታለሁ። እርስዎ የለችም ሲሉ ግን የሆነ ነፍሳት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«እርስዎን ማረም ድፍረት መሰለኝ፣ አክስቴ።»

ራዊሪ አዲሱን ቅጂ ፍጥነቱን ቀንሶ አጫወተው። እንዲህ ሲደረግ ቀጭን ድምፅ ይወፍራል። ያኔ አክስት ናይሪ ሰሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ እንባቸው ወረደ። «አንቺ፣ እዚሁ ነበርሽ?» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው ቆሙ። በስተእርጅና፣ ያውም በሚታወቁበት ነገር፣ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«የጠፋችው ወፊቱ አይደለችም፤ የደከመው ጆሮዬ ነው» አሉ። «የሁለት ዓመት ቃሌን ሰርዙት። ወጥመዱን ማንም እንዳይነካው!» ከዚያ ወደ ኤሬና ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ለእኔ ክብር ብለሽ ወፌን ልታስበዪብኝ ነበር። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!» ብለው ጉንጯን ሳሟት።

ወገኖቼ፣ ካሴት ሲያረጅ ቀድሞ የሚከዳው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ጆሮም እንደዚያው። ይህ ለማንም አይቀርም፣ የሚያሳፍርም አይደለም። የሚያሳፍረው መቅጃችንን በየጊዜው እያስፈተሽን ጆሯችንን መርሳታችን ነው። ከምንወዳቸው አዛውንቶች እውነቱን መደበቅም አክብሮት አይደለም፤ ብቻቸውን መተው ነው።

አክስት ናይሪ ዛሬም ከእኛ ጋር ይወጣሉ። ራዊሪ ሲሰማ አቅጣጫውን በእጁ ያሳያቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ስል ዓይናቸው ማንም የማያያትን ወፍ ከቅጠሉ መሃል ነጥለው ያወጧታል። ባለፈው ጸደይ አንዷን በቅርብ አገኟት። ትንሿ አፍ ስትከፈትና ስትዘጋ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ።

«እየጮኸች ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ አክስቴ፣ በደንብ።»

«እንግዲያው ጻፍ» አሉት።