ከኋላ በግራ በኩል ያለው መስኮት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ከሚያወራ ሰው ጋር ሻይ እንኳን አብሬ አልጠጣም ነበር። ሆሳዕና ላይ እህል ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስንዴ ከተበሳ የበሳው ነቀዝ ነው፣ ጆንያ ከጎደለ አይጥ ነው ወይ ሌባ ነው፣ ጂን አይደለም፣ አንዱ ተነሥቶ «ትናንትና እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ» ብሎ ሲጀምር «እራትህን ምን በልተህ ነበር?» ብዬ ነበር የምዘጋው፣ ሚስቴ ዘምዘም ደግሞ «ከድር፣ አንድ ቀን ጉድህን ታያለህ» ትለኝ ነበር። እንግዲህ አየሁ። አባቴ አሁን ይህን ስጽፍ ግቢ ውስጥ ወንበር አስወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ያሉት በአንድ የመኪና መስኮት ፉጨት የተነሣ ነው፣ የምጽፈውም ከማንም ጋር ልከራከር ብዬ አይደለም፣ ምስጋናው ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።

መኪናዋ አዲስ ናት፣ እነዚህ አሁን አገሩን የሞሉት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ከፍ ከፍ ያሉ የቤት መኪኖች አሉ አይደል፣ ከእነሱ አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ ይዣት ስገባ ሰፈሩ ወጥቶ መረቀኝ፣ አባባ ብቻ ፊታቸውን አጠቆሩ። አባባ ዕድሜያቸውን ሁሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፣ ከሀደሮ ዝንጅብል ጭነው የዶዮገናን ዳገት ሲወጡ የኤንትሬ መኪናቸው ጩኸት እሳቸውን ቀድሞ ሆሳዕና ይገባል ይባልላቸው ነበር፣ ታዲያ የእኔዋን ዞር ዞር ብለው አዩና «በል ሞተሯን አስነሣ» አሉኝ፣ «ተነሥታለች እኮ አባባ» ስላቸው «ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ እባብ ነው፣ እኔ እባብ ላይ አልቀመጥም» ብለው ወደ ቤት ገቡ። እንዳሉትም አልተቀመጡም፣ በሯን እንኳን ከፍተው አያውቁም፣ ይህን ነገር ያዙልኝ።

ደግሞ አባባ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይረሳሉ። ያ የጭነት መኪና ከተሸጠ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን ጠዋት ተነሥተው «መኪናዬን የት አቆማችሁት? ሀደሮ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው» ይላሉ፣ እጃቸው ላይ ቁልፍ ያለ ይመስል ጣታቸውን እያሽከረከሩ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ እኛም የግቢውን በር ቆልፈን ነው የምንውለው፣ የእኔና የዘምዘም ትልቁ ሥጋታችን አንድ ቀን ወጥተው እንዳይጠፉብን ነበር።

ወደ ፉጨቱ ልምጣ። ፍጥነት ስጨምር ከኋላ በግራ በኩል ካለው መስኮት አካባቢ አንድ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፣ ሰው ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚወጣው ዓይነት፣ ሞተሯ ዝምተኛ ስለሆነች ደግሞ ሌላ የሚሸፍነው ነገር የለም፣ ጭንቅላት ይበሳል። ያየ ሁሉ «ላስቲኩ ነው» ይለኛል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር አዲስ ነገር ላስቲኩ አይነሣም፣ ወንበሩም በሩም ከፋብሪካ በለበሰው ላስቲክ ነው የሚሄደው፣ እኔ ቀድጄ ልጣለው ስል ዘምዘም ጎራዴ መዘዘች። «የሀደሮ ዘመዶቼ ሳያዩት? አሮጌ ገዛ እንዲሉ ነው? እነሱ መጥተው ይዩና ያኔ እንደፈለግህ!» አለች፣ እነሱ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ አንመጣም ብለዋል። ስለዚህ ላስቲኩ ሳይነሣ ፉጨቱን መፈለግ የእኔ ዕዳ ሆነ። በሩን ወረቀት ላይ እየዘጋሁ ወረቀቱን ሳብ አደረግሁ፣ የዳሩ ጎማ አጥብቆ ይዟል፣ ሳሙና ቀባሁ፣ ውሃ በጎማ ረጨሁ፣ ጠብ የሚል የለም።

በመጨረሻ ማርቆስን ያዝኩት። ማርቆስ ጎረቤቴ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ እሁድ እሁድ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን መዘምራኑን የሚመራ እሱ ስለሆነ በጆሮው የሚኮራ ሰው ነው፣ አንዱ ዘማሪ ትንሽ ከሳተ መንገድ ላይ አቁሞ የሚነግረው ዓይነት። «ቀላል ነው» አለኝ፣ «ቀለም ቀቢዎቹ የሚለጥፉትን የወረቀት ፕላስተር እንገዛለን፣ የመስኮቱን ዳር ዳር ሁሉ እንለጥፋለን፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ከዚያ አንድ አንዱን እየላጥን እንነዳለን፣ የቱ ሲላጥ እንደተመለሰ እናያለን፣ አለቀ።» የተማረ ይግደለኝ አልኩ።

በክረምቱ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጣን። ዘምዘም «አባባ ተኝተዋል» ብላኝ ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳ ነገር ላይ ቆምንና ማርቆስ መስኮቶቹን በሙሉ በነጭ ፕላስተር አሸጋቸው፣ መኪናዬ ጥርሱን አሞት ፊቱን ያሰረ ሰው መሰለች፣ የሚያልፈው ሁሉ ይስቅብናል፣ እኛም እየሳቅን ወደ ዶዮገና ነዳን። አሁን ይጠፋል ብለን ስንጠብቅ ፉጨቱ መጣ። ያውም ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ፣ ከዚያው ከኋላ በግራ በኩል። ማርቆስ ወደ ኋላ ወንበር ተሻግሮ ጆሮውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ፣ ላስቲኩ ከሥሩ ይንኮሻኮሻል፣ እኔ በኋላ ማሳያው መስታወት አየዋለሁ፣ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሳቁ ጠፋ።

«ከድር» አለኝ፣ «ይሄ ድምፅ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል።»

«ነፋስ ነዋ፣ አንዴ ይነፍሳል፣ አንዴ ይተዋል።»

«አይደለም፣ እኩል እኩል ነው የሚያርፈው። ነፋስ ትንፋሽ አይወስድም።»

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፣ «አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር መዝሙር ይመስልሃል» ብዬ ቀለድኩበት። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ፣ ዘምዘም ናት፣ ለቅሶዋ ነው የቀደመው። «አባባ የሉም! ተኝተዋል ብዬ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ትራስ ነው ያለው፣ ሲነጋ ነው መሰለኝ የወጡት፣ በሩ ሳይቆለፍ አድሯል፣ ከድር ኧረ ድረስ!» ጎረቤቱ ወጥቶ ገበያውንና መስጊዱን እያሰሰ ነው፣ አንድ ሰው መናኸሪያ የጃጁራ መኪና ጋ አየኋቸው ስላለ ወንድሟ ወደዚያ ሄዷል አለችኝ። ክው አልኩ። ክረምት ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ እሳቸው ጋቢ እንኳን ሳይለብሱ በሹራብ ነው የወጡት።

እዚያው አዙሬ ወደ ሆሳዕና ነዳሁ፣ ልቤ ጃጁራ ነው ያለው፣ ጉሙ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መንገዱን ሞላው። ጥቂት እንደሄድኩ ፉጨቱ ጨመረ። ማርቆስ ጆሮውን ያዘ። እኔም ለጉሙ ብዬ ፍጥነት ቀነስኩ፣ ድምፁ ግን አልቀነሰም፣ እመኑኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍጥነት ስቀንስ ያልቀነሰበት ጊዜ የለም። ብስጭት አለብኝ አላልኳችሁም፣ አለብኝ፣ ዳር ይዤ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት።

መኪናዋ ቆማለች፣ ጠፍታለች፣ ውጪ ነፋስ የሚባል የለም፣ ከመንገዱ ዳር ያለው የእንሰት ቅጠል ንቅንቅ አይልም፣ ፉጨቱ ግን ይሰማል።

ወረድኩ፣ ውጪ ፀጥ ያለ ነው። ገባሁ፣ አለ። ማርቆስ ወረደ፣ ገባ፣ እንደገና ወረደ፣ ከዚያ አማተበ፣ እኔም ቢስሚላሂ አልኩ፣ ሁለታችንም አንተያይም። ድምፁ ይመጣል፣ ያርፋል፣ ይመጣል፣ ያርፋል። ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ፣ የኋላውን በር ከፍቼ ገብቼ መስታወቱን በጥፊ መታሁት፣ «አባቴ ጠፍተውብኛል፣ አንቺ ታፏጫለሽ!» ብዬ ጮህኩ፣ ፕላስተሩን ቦጨቅሁትና መስታወቱን እስከ ታች አወረድኩት።

ፉጨቱ ቆመ። ጉሙ ገባ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ውሃ መውረጃው አፋፍ ላይ አባባ የሚያደርጉት ዓይነት ነጭ ኮፍያ ወድቋል።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። አባባ እታች ናቸው፣ ውሃ መውረጃው ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው፣ ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሷል፣ አንድ እግራቸው መሆን ወደሌለበት ዞሯል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ከደቂቃዎች በፊት በዚያ በኩል፣ በአጠገባቸው፣ እየተሳሳቅን ነበር ያለፍነው። «አባባ! አባባ!» ብዬ ተንሸራትቼ ወረድኩ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ አወቁኝ፣ ስሜን ጠሩኝ፣ ከዚያ ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ፣ ወላሂ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

«ከድር፣ መስኮቱን ዝጋልኝ ስልህ ለምን አትሰማም? ከኋላ ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠራሁህ። ያ ላስቲክ ደግሞ ያንሸራትታል።»

ክንዴን በወገባቸው አዞርኩ። ማርቆስ ከላይ ሆኖ እጁን ዘርግቷል፣ አባባ ቀና ብለው አዩትና «ይሄ አስተማሪ ነው» አሉ፣ «ፕላስተሩን ፊቴ ላይ የለጠፈው።»

ተሸክመን አወጣናቸው፣ ኮቴንም የማርቆስንም ደረብንባቸው፣ የኋላው ወንበር ላይ ስናስተኛቸው ላስቲኩ ስላንሸራተተን በጥርሴ ጭምር ቀደድኩት፣ የሀደሮ ዘመዶች ይቅር ይበሉኝ። ማርቆስ ጭንቅላታቸውን እጭኑ ላይ አድርጎ እጃቸውን እያሸ ያለቅሳል፣ እኔ እያለቀስኩ እነዳለሁ፣ መኪናዋ እስከ ሆሳዕና ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ሐኪሙ ካያቸው በኋላ ውጪ ጠርቶኝ «እግሩ ይጠገናል፣ ብርዱ ነበር የሚገድላቸው፣ ትንሽ ብትዘገዩ አታገኟቸውም ነበር» አለኝ፣ እኔም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አልሐምዱሊላህ ማለት እስከዚያ ቀን በአፌ ነበር የማውቀው። እኛ ቤት ሰደቃ ወጣ፣ በማርቆስ ቤተክርስቲያን ጸሎት ተደረገ፣ ሁለቱም ጋ ሄጄ አብሬ ተቀመጥኩ፣ ሁለቱም ጋ አለቀስኩ፣ አላፍርም። ኋላ እንደሰማነው አባባ ማለዳ በሀደሮ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ መንገድ ላይ «መኪናዬ እዚህ ነው የቆመው» ብለው አስቁመው ወርደው ነበር።

ማርቆስ ቆይቶ ሳይንስ ሊሠራበት ሞከረ። «ፕላስተሩን ከመኪናው ላይ አይተውት ይሆናል፣ እኮ ካወጣናቸው በኋላ ነው የተናገሩት» አለኝ። እኔ ደግሞ ገና ታች እያሉ እንደተናገሩ ነው የማስታውሰው። «የለጠፍከው አንተ መሆንህንስ በምን አወቁ?» አልኩት፣ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። አባባን ራሳቸውን ስጠይቃቸው ምንም አያስታውሱም፣ «የትኛው መኪና?» ይሉኛል። ዘምዘም ናት የገላገለችን፣ «ሰው በሕይወት ተገኝቶላችሁ ምርመራ ትይዛላችሁ? አመስግኑና ዝም በሉ» አለች። እውነቷን ነው።

መኪናዋንም አዲስ አበባ ወስጄ አሳየኋት፣ የዚያ መስኮት ጎማ ከውስጥ ትንሽ ተጣጥፎ ነበር አሉ፣ ቀየሩልኝ፣ ፉጨቱም ጠፋ፣ እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ከጊምቢቹ ስመለስ፣ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ከኋላ በግራ በኩል ያው ድምፅ መጣ። በቀስታ። ይመጣል፣ ያርፋል። ዳር ይዤ ቆምኩና ደወልኩ። «አባባ የት ናቸው?» አልኳት ዘምዘምን።

«እዚሁ ናቸው፣ ተኝተዋል፣ አጠገባቸው ነኝ፣ ምን ሆነሃል?»

«ቀስቅሺልኝ።»

«ከድር፣ አሁን ነው እኮ እንቅልፍ የወሰዳቸው...»

«ቀስቅሺልኝ አልኩሽ!»

ስልኩ ውስጥ ስታነሣቸው ይሰማኛል፣ ፉጨቱ ከኋላዬ አለ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ወዲያው አባባ ስልኩ ላይ መጡ፣ ድምፃቸው በእንቅልፍ የጎረነነ ነው። «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ፣ «ከመኪናህ አሁን መውረዴ አይደል እንዴ? ልረፍበት እንጂ።»

«ምንም አባባ፣ ደህና መሆንዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» አልኳቸው፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ወደ ኋላ ግን አልዞርኩም። መኪናዋን አስነሣሁና ሽማግሌ እንደጫነ ሰው በቀስታ እየነዳሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።