እስከ ንጋት የተገላበጠችው ሟች

ስህተቱ አጭር ነው። ሁሉም አምባሩን አየ እንጂ ሴትዮዋን ያያት አልነበረም። አንዲት ሰው ግን አይታት ነበር፤ ተናገረች፣ የሰማት የለም። ሴትዮዋ ስትሞት ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በተናገረችው ላይ ደፈደፉት።

መርማሪዋ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የክፍሉን በር እንደከፈተች አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። መስኮቱ ተዘግቷል። ሽንት፣ የካምፎር ቅባትና የሰነበተ ላብ አንድ ላይ ታምቀው ይጠብቁ ነበር። አሮጊቷ በግራ ጎኗ እንደተኛች ቀርታለች። ግራ እጇ ላይ እንቅልፍ የሚቆጥር ጥቁር የጎማ አምባር ታስሯል። ከሥሩ የምትወጣው አረንጓዴ መብራት የሞተውን ቆዳ እየፈተሸች ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የልብ ምት ፍለጋ።

«እናቴ እስከ ጠዋት በሕይወት ነበረች» አለች የሟች ሴት ልጅ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። ስልኳን ወደ መርማሪዋ ገፋችው። «ይዩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራለች። ልቧ የቆመው አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ያቺ ገባች።»

«ያቺ» የተባለችው አስታማሚዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሽርጧን አላወለቀችም። ፊቷ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

«ስገባ ቀዝቅዘው ነበር እትዬ» አለች።

«ዝም በይ! የእንቅልፍ ጠብታው ጠርሙስ በማን እጅ ነው? የምታንጠባጥቢው አንቺ አይደለሽ?»

መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ የሟችን አገጭ ነካች። እንጨት ሆኗል። ክንዷን ለማጠፍ ሞከረች፤ አልታጠፈም። ከሁለት ሰዓት በፊት የሞተ ሰው እንዲህ አይደርቅም። ይህች ሴት እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሞታለች፤ አምባሩ ግን እስከ ንጋት ስትገላበጥ ቆጥሯታል።

ከዚያ የሌሊት ልብሷን ገለጠች።

ግራ ዳሌዋ ላይ መዳፍ የሚያህል የመኝታ ቁስል አለ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሃሉ ቢጫ ነው፣ ፋሻው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዞረች።

«ይሄ መቼ ጀመረ?»

«ወር አልፎታል» አለች አስታማሚዋ። «ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጠብታቸውን ሰጥቼ እሄዳለሁ። ሌሊት የሚያገላብጣቸው የለም።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተጎንብሼ እውላለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሌሊት ደግሞ ሬሳ ላገላብጥ?» የተናገረችው ለራሷም ሲሰማት ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

መርማሪዋ አስታማሚዋን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ገመድ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች ታጥበውም እድፋቸው አልለቀቀም።

«ፍርሃትሽን ተይውና እውነቱን ንገሪኝ። አሮጊቷ ሌሊት አትተኛም ነበር?»

«አምባሩ አይተኙም ይላል። እኔ ግን ጠዋት ስገባ ማታ እንዳስተኛኋቸው ነው የማገኛቸው። ትራሳቸው እንኳን አይጨማደድም።»

«ግራ እጇስ ይንቀሳቀስ ነበር?»

«ስትሮኩ ከመታቸው ዓመት ሆናቸው፤ በግራ በኩል ጣት አንስተው አያውቁም። አምባሩን በግራ እሰሪላቸው ያለኝ ሐኪሙ ነው፤ ደህናው እጃቸው ነፃ ይሁን ብሎ።»

«ቀን ቀን እንዴት ነበረች?»

«ይጣሩ ነበር። የቀረችላቸው አንዲት ቃል ናት። ‹ና! ና!› ይላሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ወንድ ልጃቸውን ነው። ጠብታው ሲጨመር ግን ድምፃቸው ጠፋ። ቀኑንም ይተኙ ጀመር። ለሐኪሙ በስልክ ብነግረው ‹ልጄ፣ ማሽን አይዋሽም› አለኝ።» ዓይኗን ጠረገች። «አልሰጥም ብዬ ነበር። እትዬ ‹የምትሰጥ ሌላ አመጣለሁ› አሉኝ። ሰጠሁ። እስር ቤት የምገባ ከሆነ ለዚህ ልግባ፤ ገደልሽ ተብዬ ግን አልገባም።»

ወንዱን ልጅ ከአልጋው ቀሰቀሱት። ሰፈሩ ጉጉት ይለዋል፤ የሌሊት ጥበቃ ነው። እናቱ በቀጭን ግድግዳ ማዶ ሞታ እሱ ያንኮራፋ ነበር። ዓይኖቹ አብጠዋል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል። ራስጌው ያለው መስኮት ላይ ሌሎች ጥጦች ተከምረዋል፤ ያገለገሉ፣ ቢጫ ኩክ የጋገረባቸው። መርማሪዋ ቁና ሙሉ የሞተ ትል ያየች መሰላት።

«እናትዎ መሞታቸውን ነግረውዎታል?»

«ነግረውኛል።»

«ከዚያ ተኙ?»

«ሌሊት ቆሜ ነው የማድረው። ካልተኛሁ ማታ ልቆም አልችልም። ማልቀሱንም ስነቃ አለቅሳለሁ።»

«ሥራዎ በየምሽቱ ነው?»

«ሁለት ሌሊት እገባለሁ፣ አንድ አርፋለሁ። ከማታ ሁለት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት። በየሰዓቱ መጋዘኑን አንድ ጊዜ እዞራለሁ፣ ሌላውን ጊዜ ወንበር ላይ ነኝ።» ትንሽ ቀና አለ። «ጓደኞቼ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋሉ። እኔ ግን አንድ ዙር ዘልዬ አላውቅም። አለቃውን ይጠይቁ።»

«እጠይቃለሁ» አለች መርማሪዋ።

ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ ከመስታወት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የጣት አሻራ እንኳን የለም። መርማሪዋ ከአሮጊቷ ክፍል መምጣቷን ሲሰማ የእጅ ማጽጃውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«መረጃው ግልጽ ነው» አለ ኮምፒውተሩን አዙሮ። «የሳምንቱ አማካይ እንቅልፏ በሌሊት አራት ሰዓት አይሞላም። ከአሥር ጠብታ ተነሳሁ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ባለፈው ሰኞ ሃያ አምስት። ከፍተኛው ልክ ነው። በስልክም አስጠንቅቄያለሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ልጆቿም አስታማሚዋም ሰምተውኛል። ሃያ አምስት በእውነት እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው፤ የሚተኛ ሰው ቢወስደው ትንፋሹ ይቆማል ብያለሁ።»

«አማካዩን ነው የሚያዩት? የየሌሊቱንስ?»

«ሁለት መቶ ታካሚ አለኝ እኮ።»

«ሴትዮዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት መቼ ነው?»

«በየቀኑ ነዋ! መረጃዋ በየጠዋቱ ይደርሰኛል።»

«መረጃዋን አልጠየቅሁም፤ ሴትዮዋን።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። መርማሪዋ መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አራቱም ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አልለቀቀችም። ጉጉት ግድግዳውን ተደግፎ ያዛጋል። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል። አስታማሚዋ ብቻ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ከዚህ ክፍል ወደ ቤቷ ወይም ወደ እስር ቤት እንደምትሄድ ታውቃለች።

«በጠርሙሱ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ለካነው። ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ መጉደል የሚገባው ብቻ ጎድሏል፤ አንድ ጠብታ ትርፍ የለም። የደም ምርመራውም ይህንኑ አሳየ። ስለዚህ አስታማሚዋ የታዘዘውን ሰጠች እንጂ አልጨመረችም። የገደላት የታዘዘው ራሱ ነው።»

«ያዘዝኩት ለማትተኛ ሴት ነው!» አለ ሐኪሙ።

«ትክክል። ችግሩ ትተኛ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጥ ሰው ዳሌው እስከ አጥንቱ አይበሰብስም፤ እንደዚያ የሚበሰብሰው ሳይንቀሳቀስ የሚያድር ነው። አምባሩ የታሰረው ደግሞ ጣት በማታነሳው እጇ ላይ ነው፣ በእርስዎ ትእዛዝ። እንግዲህ የማን እጅ ሲወራጭ አደረ? የሞተችው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ነው፤ አምባሩ ላይ ግን ልብ እስከ ጠዋት ሲመታ ነበር። የማን ልብ?»

የልብስ ሰፊዋ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«መጀመሪያ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር» አለቻት መርማሪዋ። «እጅዎ መኪና ላይ ሥራ አይፈታም። ከዚያ ግን አማካዩን ትቼ የየሌሊቱን አየሁ። ሁለት ሌሊት መረበሽ፣ አንድ ሌሊት ጸጥታ፤ ሁለት ሌሊት መረበሽ፣ አንድ ሌሊት ጸጥታ። በተረበሸው ሌሊት ሁሉ በየሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ንቃት አለ፣ እንደ ደወል። በሽታ እንዲህ ሰዓት አያከብርም። ሰዓት የሚያከብረው ሠራተኛ ነው።»

ጉጉት ማዛጋቱን አቆመ።

«ለሐኪሙ የሚላከው የእንቅልፉ ገጽ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ግን ከጎኑ ሌላ ገጽ አለ፤ ከእናንተ የከፈተው የለም። እርምጃ ይቆጥራል። አልጋ ላይ ዓመት የሞላት ሴት በተረበሸ ሌሊት ሁሉ ስድስት ሺህ እርምጃ ትሄዳለች! በየሰዓቱ ስድስት መቶ፣ አሥር ጊዜ። ዛሬ ጠዋት መጋዘኑን ከጥበቃ አለቃው ጋር ዞርኩት። አለቃው ሲቆጥር አምስት መቶ ዘጠና ስምንት መጣ።» ወደ ጉጉት ዞረች። እስከ አሁን አንቱ ስትለው ነበር፤ አሁን ተወችው። «ሰው መሆንህን ባላውቅም ጥሩ ጥበቃ ነህ። እንደ ጓደኞችህ ወንበር ላይ ብታንቀላፋ ኖሮ አልደርስብህም ነበር።»

«አንተ ልጅ…» አለች እህቱ።

ጉጉት ወለሉን አየ። ሲናገር ድምፁ ተራ ነበር፣ ስለ ዳቦ ሰልፍ የሚያወራ ሰው ድምፅ።

«መጀመሪያ ለጨዋታ ነው የወሰድኩት። ስንት እርምጃ እንደምሄድ ልይ ብዬ። በማግስቱ ሐኪሙ ደውሎ ጠብታ ጨመረ። ያን ቀን ‹ና› አላለችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… አስታማሚዋ ስትወጣ እፈታዋለሁ፣ ጠዋት ሳትመጣ አስራለሁ።»

«ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ‹የሚተኛ ሰው ይሞታል› ሲል እዚህ ነበርክ። ‹ትተኛለች› ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ፤ አንዲት ቃል።»

«እህቴ ነበረች፣ እሷ ነበረች…» ወደ አስታማሚዋ ጠቆመ። «ሁሉም ነበሩ።»

«እሷ ተናግራ አልተሰማችም። አምባሩ የማን እጅ ላይ እንደሚያድር ግን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የመጨረሻው ጠዋት ላይስ? አምባሩን ስታስርላት እጇ እንጨት ሆኗል። አላወቅክም?»

ጉጉት ጥቂት አሰበ። መዋሸት የሰለቸው ይመስል ነበር።

«አወቅኩ» አለ። «ቀዝቅዛ ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር። ከነገርኳቸው ጩኸት ይነሳል፣ ሰው ይመጣል፣ አልተኛም።»

ሐኪሙ እንኳን አፉን በመሐረብ ሸፈነ። መርማሪዋ በጣቷ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ሲወስዱት ጉጉት አልታገለም፤ ጥጡን ከጆሮው እያወጣ ሄደ።

«እሱም እኮ ሰው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላው እያየች። «ያለ እንቅልፍ እንዴት ይኖራል?»

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠጋና ወደ አስታማሚዋ ጎንበስ አለ። ድምፁ በአንዴ ለስልሷል።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ክሊኒኬ ውስጥ እንዳንቺ ያለ ሰው እፈልጋለሁ። ንጹሕ ቦታ ነው፣ የቀን ሥራ ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያኔ ‹ይተኛሉ› ያልሽኝን… ምናልባት በግልጽ አልነገርሽኝ ይሆናል። በስልክ መስመር አይሰማም፣ አይደል?»

አስታማሚዋ ቀና ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ በምትኩ የሰፈረው አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያንን ፋሻ ስትልጥ የነበራት ገጽታ ነው።

«መስመሩ ጥሩ ነበር ዶክተር» አለች። «ያልኩዎትን ለዳኛም ቃል በቃል እነግራለሁ። ጠብታውን በእጄ መስጠቴንም እነግራለሁ። ከእርስዎ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከምሠራ ግን ከእማማ ቁስል ጋር ብውል ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ ሲሸት ይታወቃል።»

ሽርጧን ፈታች፤ ልብስ ሰፊዋ ልትቀበላት እጇን ብትዘረጋም ወንበሩ ላይ ጣለችው። ማንንም ሳትሰናበት ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።